ሰማያዊው በር ላይ የተደረደሩት ጀሪካኖች

ይህ ከሆነ ዓመት አልሞላውም፤ ዝናብ የጠፋብን ጊዜ ነው። እኔ ሳወራ አንዷን ፍየል መንጋ የማደርግ ሰው ነኝ። ይቺን ሳስታውስ ግን እስከ ዛሬ ድምፄ ዝቅ ይላል።

ኬንያዋ ሞያሌ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አንድ ቀን ሐሊማ መጣች። ሐሊማ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ሆና አቅም ላጡ አረጋውያን በነፃ ውሃ የምታደርስ ማኅበር አላት።

«ጋሼ፣ ውሃ ከሚያደርሱልን ሁለት ልጆች ማርሳቢት ሄዱብን። ከማክሰኞ ጀምሮ ለአኮ ቃባሌ ውሃ የሚያደርስ የለም። እርስዎ አፍ አለዎት፤ በጎ ፈቃደኛ የሚጠራ ማስታወቂያ ይጻፉልን።»

አኮ ማለት በቦረና ሴት አያት ነው። አኮ ቃባሌ ዓይናቸው አያይም፤ ሄሉ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

አፍ አለህ ከተባልኩ ማን ይመልሰኛል? በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ አወረድኩት። «ታላቅ ጥሪ! ታሪካዊ ፕሮጀክት ሊጀመር ነው! ቦታው ውስን ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ፈጥነው ይመዝገቡ!» በቀይ ቀለም አትሜ ከተማውን አለበስኩት። ውሃ የምትለዋን ቃል ግን ረስቻት ነበር።

ሰኞ ሱቄን ልከፍት ስመጣ ሰልፉ ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ሊገባ ምንም አልቀረው። ሁሉም መታወቂያውን ይዟል። እኛ ከተማ «ፕሮጀክት» እና «ይመዝገቡ» ከተባለ እርዳታ መጣ ማለት ነው።

«ዱቄት ነው ዘይት?» አሉኝ ከፊት የቆሙ ሽማግሌ።

«ሁለቱም የለም አባቴ። ውሃ የሚሸከም ሰው ነው የምንፈልገው።»

«ታዲያ ‹ኑ ተሸከሙ› ብለህ አትጽፍም? ከኦዳ መንደር ድረስ በእግሬ አስኳተንከኝ!»

ሰልፉ እየሳቀም እየሰደበኝም ተበተነ። አንድም ሰው አልተመዘገበም። ሐሊማ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ነገ እኮ ማክሰኞ ነው» አለች በቃ።

አፍሬ አብሬያት ሄሉ ወረድኩ፤ በአዲስ ማስታወቂያ ስማቸውን እንድጽፍ አኮ ቃባሌን ላስፈቅድ።

«ስሜን ጻፍ» አሉኝ። «ዓይኔን አትጻፍ። የሚመጣ ሰው እንደ ጎረቤት ይምጣ እንጂ አዝኖልኝ አይምጣ። የቤቴ በር ሰማያዊ ነው ይሉኛል፤ እሱን ጻፍ።»

ጻፍኩ። «አኮ ቃባሌ ሄሉ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ይኖራሉ። ነገ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ጀሪካን ውሃ የሚያደርስላቸው ሰው የለም። አንተ ትችላለህ? አንቺስ?» እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ቀዩን ሁሉ ነቅዬ ይህን ለጠፍኩ።

ማንም እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ማክሰኞ ማለዳ ራሴ ጀሪካን ተሸክሜ እንደ ግመል እያቃሰትኩ ሄድኩ።

ሰማያዊው በር ጋ ስደርስ ደርቄ ቀረሁ። ጀሪካኖች ከደጃፉ እስከ አጥሩ ተደርድረዋል። አሥራ አራት። አንድ ቦዳቦዳ የምንለው የሞተር ታክሲ ነጂ የመጨረሻውን አወረደና ስሙን እንኳ ሳይናገር ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ይህ የሆነው ውሃ በጠፋበት ወር ነው፤ እያንዳንዱ ከቤቱ ቀንሶ ነው ያመጣው።

አኮ ቃባሌ ጎንበስ ብለው ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እየዳበሱ ይመርቃሉ። የቱን ማን እንዳመጣው አያውቁም፤ ግን አንዱንም አልዘለሉም። ትንፋሼን ሰምተው «አንተስ ማነህ?» አሉኝ። እኔ፣ ያ ወሬኛ፣ የራሴን ጀሪካን ከተደረደሩት ጫፍ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ለአኮ ቃባሌ ውሃ የሚያደርስ ሰው ጎድሎ አያውቅም። ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰዎች «ደግሞ ጀመረህ!» ይሉኛል። ስለዚህ እንዲያምኑኝ ብዬ ዘጠኝ ነበሩ እላለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሥራ አራት ነበሩ፣ የእኔን ሳልቆጥር።