ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት በር

ይህ የሆነው ካቻምና ክረምት፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝና የአንዱን ልጅ የደንብ ልብስ ለሌላው ልጅ እናት ሰጥቼ ሰፈር ያሳቅሁበት ቀን አለ። ይህኛውን ግን አልረሳሁትም። ስላዘንኩ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ሽማግሌዎችን ንቆ፣ ንቀቱን ቀለም ቀብቶ፣ ሪባን አስሮ ሲያስመርቅ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ያሳደገችኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እቴቴ እላታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ አንኮበር ውስጥ አረቄ እያወጣች የኖረች፣ የሰከረ ጎረምሳ በምላሷ ብቻ ከቤት የምታስወጣ ሴት ነበረች። የራሷ ልጅ የላትም። እኔን አስተምራ ድራኛለች።

ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ብቻዋን መኖር ስላልቻለች ወደ እኔ አመጣኋት። የእኔ ቤት ከሱቁ በላይ ነው፣ ደረጃውም እኔን ራሴን ያስፈራኛል። እኔ ታች ስሰፋ እሷ ላይ ብቻዋን ትውላለች። በመጨረሻ ራሷ ናት፣ "እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ አታስቀምጪኝ፤ ሰው ያለበት ውሰጂኝ" ያለችኝ። ከከተማው ዳር ቤተሰብ እየከፈለ አረጋውያን የሚጦሩበት አንድ ማዕከል ነበርና እዚያ አስገባኋት።

የማዕከሉ ስም ይቅር። የሥራ አስኪያጁም ስም ይቅር፣ ስሙን መጥራት እንደ ማክበር ይቆጠርብኛል። በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ሱፍ የማይለየው፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ በአንዱ "ጥራት" በሌላው "ስታንዳርድ" የሚል ሰው ነው። ግቢው ከውጭ ላየው ያምራል። አጥሩ ተቀብቷል፣ ጽጌረዳ ተተክሏል፣ በሩ ላይ ስለ እንክብካቤ ጥራት የሚያወራ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ውስጡን ለቄስ።

እቴቴ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ጓደኞች አገኘች፣ የምትቆጣው ሰው አገኘች። ነሐሴ ሲገባ ግን ነገሯ ተለወጠ። በእናቴ ስም ትጠራኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ጥንስሱ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደንግጬ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ።

"እርጅና ነው እህቴ፣ መቀበል ነው" አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስሄድ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ ገብቶ፣ ተነሽ ስላት እግሯ አልታዘዝ ብሎ አገኘኋት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

"እኚህን እናት ውሃ የሚሰጣቸው ሰው የለም?" አለች፣ እኔን ሽቅብ ቁልቁል እያየችኝ።

ጉሉኮስ ተሰቀለላት። በማግስቱ እቴቴ ወደ ራሷ ተመለሰች። መጀመሪያ ያደረገችው የነርሷን የፀጉር አሠራር መተቸት ነበር፣ እኔም ያኔ ነው ልቤ የተመለሰው።

"ውሃ አይሰጡሽም እንዴ?" አልኳት።

"ይሰጡኛል።"

"ታዲያ ለምን አትጠጪም?"

"ውሃ ከጠጣሁ ሽንት ይመጣል። ሽንት ከመጣ መውረድ አለ።"

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። የአረጋውያኑ ሽንት ቤት ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ቁልቁለት ላይ ነው። የሚኬድበት የድንጋይ ደረጃ ክረምት ሲሆን ያዳልጣል፣ የሚያዝ ነገርም የለውም። አስታማሚዎቹ ለዚያ ሁሉ ሰው ሁለት ብቻ ስለሆኑ ከምግብ በኋላ ደግፈው ያወርዷቸዋል። ከዚያ ውጭ ያለው "ትንሽ ይታገሡ" ነው። ክረምቱ ሲገባ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ሲወርዱ ወድቀው ከአልጋ ሳይነሱ ቀሩ። ይህን ያዩት ሴቶች ማንም ሳይነግራቸው፣ እርስ በርስም ሳይመካከሩ ውሃ ቀነሱ። አንዷ ሻይም ትታለች አለችኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በዚህ ዕድሜዬ ስለ ሽንቴ ላውራ?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ያንኑ ሰኞ ሱቄን ዘግቼ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም፣ አላፈረም። እንደ ጥሩ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

"ትክክል ነሽ። እኛም የጥራት ማሻሻያ ሥራ ላይ ነን። ነዪ ላሳይሽ" ብሎ ወደ ግቢው አወጣኝ።

የደረጃ መደገፊያ ሊያሳየኝ መስሎኝ ነበር። በአበባዎቹ መሀል ግን ግንበኞች ክብ ገንዳ እየሠሩ አየሁ።

"ፏፏቴ ነው" አለኝ። "ቀለም ያለው መብራት ይገባለታል። አእምሮ ያድሳል።"

"አረጋውያኑ እኮ ሽንት ቤት መሄድ አልቻሉም ነው የምልዎት።"

"ቅሬታ ካለሽ የአስተያየት መስጫ ሣጥን አለን። በጽሑፍ አስገቢ።"

ሣጥኑን አየሁት። ከሰሌዳው አጠገብ፣ እኔ እንኳ በእግሬ ጣት ቆሜ የምደርስበት ቦታ ላይ ተሰቅሏል። እዚያ ቤት ከሚኖሩት ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም። የሚችሉትም ክንዳቸውን ከትከሻቸው በላይ አያነሱም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያን ሰው "እርስዎ" ማለት ተውኩ።

የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ሄጃለሁ። የተቀበለኝ ሹም ገና ስናገር ፈገግ አለ። "እሱ እኮ ሞዴላችን ነው። ከሌላ ቦታ እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው እሱን ነው" አለኝ። ሄደህ እይ አልኩት። አይቼዋለሁ አለኝ። ሽንት ቤቱንስ ስለው ሰዓቱን አየ።

ስመለስ የማዕከሉ በር ላይ መሪማን አገኘኋት። መሪማ ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት፣ አባቷ ሐጂም እዚያው ይጦራሉ። በዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ ሐጂ ለእያንዳንዱ ሶላት ደጅ ያለው ቧንቧ ድረስ እየወጡ ውዱእ ያደርጋሉ። ጉልበታቸው ማበጥ ጀምሮ ነበር። እሷም እንደ እኔ ተናግራ ተናግራ ሣጥኑን አሳይተዋታል። ፏፏቴው ሲመረቅ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ ስለተባለ ለእንግዳዋ ራሳችን እንነግራቸዋለን ብለን ተስማማን።

የምረቃው ቀን ሲደርስ ዝናብ ነበር። አረጋውያኑ አንድ ዓይነት አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ መቼ እንደሚያጨበጭቡ ተነግሯቸው፣ ከሴቶቹ መኝታ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። እኛ ቤተሰቦች የተጠራነው ፎቶ ውስጥ ሰው እንዲበዛ ነው። እንግዳዋ ማዕከሉን በገንዘብ የሚረዱትን ሰዎች ወክለው የመጡ፣ ወፈር ያሉ፣ እግራቸው በመኪና ጉዞ ያበጠ ሴትዮ ነበሩ። ዙሪያቸውን ሱፍ ለባሽ ከቧቸው እኔና መሪማ መጠጋት አልቻልንም።

ከንግግሮቹ በፊት እንግዳዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠጋ ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። እሱም "በደስታ" ብሎ እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፍ አወጣ። ከእነ እቴቴ መኝታ ጎን፣ ሁልጊዜ ተቆልፎ የሚኖረውን በር ከፈተላቸው።

ሲወጡ በሩ ክፍት ቀረ። ሁላችንም አየነው። ነጭ ሴራሚክ፣ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት፣ በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ ለአረጋዊ እጅ ተለክቶ የተተከለ የብረት መያዣ። የሞቀ ውሃም አለው። ከእቴቴ አልጋ እዚያ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳ እየዳበሰች መሄድ ትችላለች።

እቴቴ ከአግዳሚው ላይ ሆና፣ ሰው እንደምትጠይቅ ሁሉ ድምጿን ሳትጨምር፣

"ይሄ ሽንት ቤት ነው? እኛን ዕቃ ቤት ነው ብለውን ነበር" አለች።

እንግዳዋ ቆሙ። "ምን አሉኝ እማማ?"

"እማማ ትንሽ ይረሳሉ" አለ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ።

"እረሳለሁ" አለች እቴቴ። "ሽንቴን ግን አልረሳም።"

የሳቀ አልነበረም። እንግዳዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው፣ "ለእነሱ አይደል እንዴ የተሠራው?" አሉት። እሱ ስለ ሽግግር ጊዜ፣ ስለ አጠቃቀም መመሪያ መናገር ጀመረ። እየተናገረ ሳለ ሐጂ ከአግዳሚው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው በእሱና በእንግዳዋ መሀል አለፉ፣ "ቢስሚላህ" ብለው ገቡ፣ በሩን ከውስጥ ዘጉ።

"ሐጂ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ቢታገሡ" እያለ ሥራ አስኪያጁ በሩን ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ መሪማ ፊቱ ቆመች።

"አባቴ ውዱእ ላይ ነው" አለችው።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ሁላችንም ቆመን የሞቀው ውሃ ሲወርድ ሰማን። ሐጂ አልቸኮሉም። ሲወጡ ፊታቸው ርሶ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ቀጥሎ እቴቴ እጇን ዘረጋችልኝ። ከእሷ በኋላ ሌሎቹ ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተራ ያዙ።

እንግዶቹ ወደ ግቢው ወጡ። ሪባን ተቆረጠ፣ የፏፏቴው ማብሪያ ተጫነ። የፏፏቴውና ሴቶቹ ተራ የያዙበት ሽንት ቤት ውሃ ከአንድ ሮቶ የሚመጣ ኖሯል። ፏፏቴው እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ አንድ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ትንሽ ዝገት ያለው ውሃ ተፋ፣ ቆመ። ጭብጨባው ግን አልቀረም። ያን ባዶ ገንዳ እያዩ ያጨበጨቡትን ባለሥልጣናት አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ከመሀላቸው ሞዴላችን ነው ያለኝ ሹም ነበረበት። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው እሱ ነው።

እንግዳዋ "እንከታተለዋለን" ብለው፣ ምሳ በልተው ሄዱ። እኔና መሪማ ነገሩ አለቀ ብለን ነበር። በማግስቱ ስንሄድ በሩ ተቆልፏል።

"ሁሉም ከገባበት ንጽህናው አይጠበቅም። ስታንዳርዱ ይወርዳል" አለኝ ሥራ አስኪያጁ። እየቀለደ አልነበረም። እውነቱን ነበር የሚናገረው።

"ልክ ነህ። ያልተበላበት ሳህንም አይቆሽሽም" አልኩት።

ወጣሁና በር የሚሠራ ጎረቤቴን ከነመሣሪያው ይዤ ተመለስኩ። የመሪማ ወንድሞችና የሌሎች አረጋውያን ቤተሰቦችም መጡ። ጎረቤቴ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ ቁልፉን ከበሩ መንቀል ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣ።

"ፖሊስ እጠራለሁ" አለ።

"ጥራ" አልኩት። "ምን ሊሰርቁ ነው ሲልህ ሊሸኑ ነው ብለህ ንገረው።"

ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። ለማንም እንዳልደወለ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቢሮው ገብቶ ዘጋ። ጎረቤቴ ቁልፉን ነቅሎ በቦታው ከውስጥ ብቻ የሚዘጋ መወርወሪያ ገጠመ። አረጋውያኑ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እንደ ሰርግ ቤት ታዳሚ ሥራውን ሲመለከቱ ቆዩ። ሲያበቃ እቴቴ፣ "አሁን ገና ተመረቀ" አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተስተካክሏል። ቤተሰቦችና አረጋውያኑ በየወሩ እንሰበሰባለን። መጀመሪያ የሚናገሩት አረጋውያኑ ናቸው፣ ሐጂ ይመሩታል። የታችኛው ደረጃ መያዣ ተሠራለት፣ አስታማሚም ተጨመረ። ጭቅጭቅ ይበዛል፣ እቴቴ ስለ ሽሮው የማትለው ነገር የለም። ሐሳቧ ግን እንደ ድሮው ነው። ከዚያ ወዲህ በእናቴ ስም ጠርታኝ አታውቅም።

ሰውየውስ? ሹመት አገኘ። አሁን በየሆቴሉ ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ጥራት ሥልጠና ይሰጣል። የመሪማ ዘመድ አንዱ ላይ ተገኝታ ነበር። ያን ነጭ መታጠቢያ ቤት በትልቁ አሳይቶ "የእኛ ተሞክሮ" ብሎታል አለችን።

ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢያንስ ይፈራል። እሱ ግን ማንንም አልመታም፣ ማንንም አልሰደበም። እነዚያን ሰዎች ከጽጌረዳው ለይቶ አላያቸውም፣ ያ ነው ሥራው። አሁን በሱቄ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "እማማ እንዴት ናቸው?" ይለኛል። አልመልስለትም። ጨርቄን እለካለሁ።

ይህን የንስሐ አባቴ ሰምተው መጡብኝ። "ልጄ፣ ቂም ይዘሽ እንዴት ትቆርቢያለሽ?" አሉኝ።

"አባ፣ ቂም አልያዝኩም፣ ንቄው ነው" አልኳቸው።

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አንሥተውብኝ አያውቁም።