በሻጋታ የሚተዳደር ሰው

በየማለዳው ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው ሰውዬ ሚስቱ ወደተኛችበት ክፍል አይገባም፤ ከመስታወቱ ውጭ ይቆማል። እጆቹ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። ነርሷ ዊዳርቲ ስሙን ባታውቅም ሥራውን ታውቃለች፤ አኩሪ አተር ቀቅሎ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልልና፣ ነጭ ሻጋታ ሲለብስለት ቴምፔ ብሎ በኢንዶኔዥያዋ ማላንግ ከተማ ገበያ ይሸጣል። ሚስቱ የደም ካንሰር ታማለች። ሕክምናው አቅም ቢያሳጣት፣ ጤነኛ ሰው የማይነካ ሻጋታ ሳንባዋ ውስጥ በቀለ።

«የኔው ይሆን እንዴ፣ ሲስተር?»

«አይደለም አባት፤ ይሄ በአየር የሚመጣ ሌላ ዘር ነው።»

አላመናትም።

አንድ ጠዋት ሚስቱ በስልክ «ገበያ እንዴት ነው?» አለችው።

«ደህና ነው።»

በመስታወቱ አሻግራ ጣቶቹን አየች። «አንተ ዋሾ፣ የሙዝ ቅጠሉ እድፍ የታለ? ሥራውን ትተኸዋል። ስድን ምን ልታበላኝ ነው?»

በማግስቱ፣ ታጥበውም እድፉ ያልለቀቃቸውን ጣቶቹን መስታወቱ ላይ ዘረጋላት።