ከዜሮ በፊት ያለችው ኖታ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «እማማ» ይሏታል። ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙም አልዘለለም፤ ስሙ የወጣላት የሙዚቃ ማቀናበሪያውን ፕሮግራም ከጻፉት መካከል ሳትለቅ የቀረችው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ባሏ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ፣ ቤት ተከራይቶ ይጠብቃታል። እሷ ግን ወንድሟ ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል፣ የልጆቹን ብስክሌትና የተጠቀለለ ምንጣፍ ተጠግታ ታድራለች። ባሏ ወዳለበት ቅርንጫፍ እንዲያዛውሯት ካመለከተች ቆይታለች።

«ይቺን አንዷን ነገር ጨርሺልኝና ትሄጃለሽ» አላት አለቃዋ። እንዲህ ሲላት የመጀመሪያው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ላይ እያንዳንዷ ኖታ የምትሰማበት ቦታ አላት። ተጠቃሚው ከፈለገ ትንሽ ያዘገያታል፤ ካሻውም የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ሰጥቶ ትንሽ ያስቀድማታል። ችግሩ የዜማው የመጀመሪያ ኖታ ላይ ነው። ቦታዋ ዜሮ ላይ ስለሆነ፣ ትቅደም ሲባል ከዜሮ በፊት ትወድቃለች። ፕሮግራሙ ደግሞ ከዜሮ በፊት ጊዜ መኖሩን አያውቅም፤ ኖታዋን ውጦ ዝም ይላል።

ልቧ መንገድ ላይ ስለነበር በአቋራጭ ሄደች። ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ ዜሮ ላይ እንዲያቆመው አድርጋ «ጨረስኩ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ፣ መጀመሪያ «ኖታ ጠፋብኝ» ብለው ቅሬታ ያቀረቡት የመዘምራን መሪ ራሳቸው ኮምፒውተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው መጡ።

«ልጄ፣ የጠፋችው ኖታ ተመልሳለች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ስሚው እስቲ።»

ወፍራሞቹ ድምፆች ቀድመው ገብተው፣ ቀጫጭኖቹ ቀስ ብለው በላያቸው ማረፍ ነበረባቸው። አሁን ግን ሁሉም ባንዴ ዱብ አሉ።

«በር ላይ የሚጋፉ ሰዎች መሰሉ እኮ!» አሉ ሽማግሌው።

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። እንደገና ከሥሩ ጀመረችው። ዜማው ከዜሮ መጀመሩን ሳትነካ፣ ማጫወቻው ግን ከሁሉም ቀድማ ከምትገባው ኖታ ተነስቶ እንዲቆጥር አደረገች። እየተደጋገመ የሚሄድ ምት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ከዙሩ መጀመሪያ የቀደመችው ኖታ ባለፈው ዙር ጭራ ላይ መሰማት ነበረባት። እሱንም ፈታችው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፤ ከዚያ እጇን ያዝ አድርገው ሄዱ።

አለቃው ደስታውን አልቻለውም። «አየሽ? አንቺን ለቅቄ እኔ ምን ልሁን?»

«በእኔ ቦታ ሰው ላሠልጥን» አለች።

«አሠልጥኚ እንጂ!»

አጠገቧ ከሚቀመጡት ወጣት ሠራተኞች አንዱን መርጣ፣ የምታውቀውን አንድም ሳትደብቅ አስተማረችው። ጎበዝ ነበር፤ ቶሎ ገባው። ሥራውን መያዙን ለአለቃው በነገረችው ማግስት የዝውውር ደብዳቤ ወጣ፤ በልጁ ስም።

«ቅርንጫፉ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጠየቀን» አላት አለቃው፣ ዓይኗን ሳያይ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ታስፈልጊናለሽ።»

ደረጃው ላይ ቆማ ለባሏ ደወለች።

«ማንን ላኩ አልሽ?»

«እኔው ያሠለጠንኩትን።»

የመረረ ሳቅ ሳቀ። «ታዲያ ቤቱንም ለሱ ልልቀቅለታ!»

በቀልድ የተናገረው እውነት ሆነ። ቤቱን ለልጁ አስረክቦ፣ ሥራውን ትቶ ወደሷ መጣ። እዚህ ያገኘው ሥራ ከበፊቱ ያነሰ ነው። አንድ አልጋ ላይ ለሁለት ይተኛሉ፤ አንዱ ሲለብስ ሌላው ኮሪደር ወጥቶ ይጠብቃል። የወንድሟ ሚስት ክፉ ቃል አይወጣትም፤ ቁም ሣጥን ስትዘጋ ግን ድምፁ ይበረታል።

ልጁ አሁንም ይደውላል። «እማማ፣ የመቀነስ ቁጥሮቹ ላይ ተይዤ ነው፣ አታስቸግረኝ አትበይኝና...» ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እሷ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ታስረዳዋለች።