ጋቢ የደረበው ማሽን

ያላጠፋሁትን አጠፋሁ የሚል ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ አስፈረሙኝ። ፊደል አልቆጠርሁም ነበርና ያነበበልኝን ሰው አመንሁ። በደሉ ይኸው ነው።

ትናንት ቡሬ ልጄ ቤት ብሄድ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ተከናንቦ አገኘሁት። «አንሺው!» ብዬ ጮህሁ።

«አባዬ፣ ለአቧራው እኮ ነው» አለች ደንግጣ። ያ ወረቀቱን ያነበበልኝ ሰውዬም እንዲሁ ነበር ያለው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የገበሬው የመሬት ይዞታ በኮምፒውተር በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ጽዳት ነበርሁ፤ ሚስት ባገባሁ ሰሞን። መዝገቡ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ዲስክ በተደረደረበት ጥቁር ማሽን ውስጥ ነው ያለው። ከግድግዳው ማዶ ወፍጮ ቤት አለ። በጥር የቡሬ በርበሬ በየጆንያው ገብቶ ሲፈጭ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያነጥሳል፤ ባለጉዳዩ አቤቱታውን ሳይጨርስ እንባው ይቀድመዋል። ኃላፊያችን አቶ ዳምጤ ለማሽኑ አዘኑና ከቤታቸው አሮጌ ጋቢ አምጥተው «ለአቧራው ነው» ብለው ደረቡለት። እንዲያምር ደግሞ ከላይ ዳንቴል ጣል አደረጉበት።

አንድ ቀን ስጠርግ ከጋቢው ሥር ቢጫ መብራት ብልጭ ሲል አየሁ። ነገርኋቸው።

«አንተ መጥረጊያህን ያዝ!» አሉኝ።

ማሽኑ ሲታመም ግን ተጠያቂው እኔ ሆንሁ። ወለል ስወለውል ውሃ ረጭቼበት ነው ተባለ። ውሃ ከተገኘበት መባረር ብቻ አይደለም፣ እከሰሳለሁ።

ከባሕር ዳር ባለሙያ መጣች፤ አልማዝ የምትባል ቀጭን ልጅ። ጋቢውን ገለጠችና፣ «ይኼን ደግሞ ማን አለበሰው? ብርድ ብርድ ይለዋል እንዴ?» አለች።

የእጅ ባትሪ አብርታ አስያዘችኝ። «ዲስኮቹን የሚያዙ ሁለት መቆጣጠሪያዎች አሉ» አለችኝ። «እንደ ጥማድ በሬ ናቸው። አንዱ ወድቋል፣ ሌላው ብቻውን እያረሰ ነው። የወደቀውን ሳወጣ ደኅናውን ከነካሁት መዝገቡ ይቆማል። እጅህ አይንቀጥቀጥ።»

«እንዴት አይንቀጥቀጥ እህቴ? ውሃ ከተገኘበት እኔን ነው የሚያስሩኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አፍስሰሃል?»

«በማርያም፣ አላፈሰስሁም!»

«እንግዲያ ብርሃኑን ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

ገመዱን ነቀለች፤ ብረቱን በቀስታ ሳበችው። እኔ ዓይኔን ከጎኑ ካለው አረንጓዴ መብራት አልነቀልሁም። አልጠፋም። ያወጣችውን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። የአየር መግቢያው በነጭ ብናኝ ተደፍኗል። በጣቷ ጎትታ አወጣችው፤ የጋቢ ጥጥ ነው።

«ጠብታ ውሃ የለበትም። ታፍኖ ነው የተቃጠለው» አለች፣ አቶ ዳምጤ ፊት።

እሳቸው ወደ ወፍጮ ቤቱ በኩል አዩ። አዲሱን አስገባች። ቢጫው እየበራ እየጠፋ ነፍሴን ሲያስጨንቃት ቆየና አረንጓዴ ሆነ። ለምሳ የያዝሁትን የሽምብራ እሸት ሰጠኋት፤ እየፈለፈለች መኪናዋ ውስጥ ገባች።

መኪናው ከግቢ እንደ ወጣ አቶ ዳምጤ ጠሩኝ። «ሲጠገን የነበርህ ምስክር አንተ ነህ። እዚህ ላይ ጣትህን አሳርፍ።»

«ምን ይላል?»

«ማሽኑ ተጠግኗል ይላል።»

አሳረፍሁ። በማግስቱ «ውሃ ማፍሰሱን በፊርማው አምኗል» ተብዬ ተባረርሁ።

ቡሬ ወርጄ የበርበሬ ጆንያ ተሸከምሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ዲያቆን ፊደል አስቆጠረኝ። ለጽድቅ ብዬ አይደለም የተማርሁት፤ ያንን ወረቀት ላነበው ነው። ዓመታት ፈጀብኝ። ሄጄ ፋይሌን አስወጣሁና በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። ከእኔ አሻራ ሥር የአልማዝ ሪፖርት ተያይዟል፦ «በልብስ በመታፈኑ ተቃጥሏል።» ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ መርፌ ቁልፍ ተይዘው ያን ሁሉ ዘመን አብረው ተኝተዋል። ፋይሉን የገለጠ ሁሉ የተማረ ነበር።

ልጄ ዳንቴሉን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደ ጮህሁ አልነገርኋትም፤ እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ታንብበው። አቤቱታዬን በገዛ እጄ ጽፌ፣ በገዛ ስሜ ፈርሜ፣ ያ ወረቀት የተሰረዘልኝ ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ የሚካኤል ማግስት ነው።