የኪሮስ ጨዋታ ያለበት ኮምፒውተር የት ነው?

አንተ! አዎ አንተ፣ «ነፍስ ይማር» ብለህ ልታልፍ የተዘጋጀኸው፣ ቁም። አንቺም ቁሚ። ኪሮስ ሞተ ይላሉ። አላመንኩም። የደወልኩለት ሰው ሁሉ አለቀሰብኝ፣ አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቁት፦ ኪሮስ ሰቆጣ ገበያው ዳር፣ ከኔ ልብስ ስፌት ቤት ጎን፣ በኮምፒውተር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ከመጽሐፍ እየተማረ የቼዝ ጨዋታ ሠራ። ከየትም አላመጣውም። ራሱ ሠራው!

ያገኘውን ሁሉ ያስሞክራል። «ጎበዝ» ካልከው ይናደዳል። «አታድንቀኝ፣ የሚጎድለውን ንገረኝ» ነበር የሚለው።

የሰቆጣ ሰው ደግሞ የሚጎድል ለመናገር ማን ይቀድመዋል! እኔ በተሸነፍኩ ቁጥር ማሽኑ ጡሩምባ ይነፋል፣ ደንበኞቼ እየሰሙ። «ይሄን ጡሩምባህን ካላጠፋህ ሱሪህን አላሳጥርልህም» አልኩት። በማግስቱ ለኔ ብቻ ዝም አለ። ለሌላው ይነፋል።

በገበያ ቀን ከጋዝጊብላ በእግራቸው የሚመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ ሰንጠረዥን፣ የአገራችንን ቼዝ፣ በጥንቱ ደንብ የለመዱ። አንድ ቀን ኪሮስ ማሽኑ ፊት አስቀመጣቸው። አንድ ጠጠር አንቀሳቀሱ፣ ማሽኑም መለሰና ቆመ።

«ምን ሆኖ ነው የተገተረው?»

«የእርስዎ ተራ ነው አባ።»

«የምን ተራ! ገና ማን ማንን በላ? በወረራ ጊዜ ተራ አለ እንዴ?»

በጥንቱ ጨዋታ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይሯሯጣሉ፤ ወረራ የሚሉት እሱን ነው። እኛ ሳቅን። ኪሮስ አልሳቀም። ቁጭ ብሎ ወረራን አስገባው። መሪጌታ ተመልሰው ሲመጡ ማውሱን ይዘው ሲራወጡ፣ ማሽኑም ሲራወጥ፣ ወንበሩ ሊገለበጥ! «እሰይ! አሁን ሰው ሆነ» አሉ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። «ጨዋታዬን የት ጣልከው?» ብለው ሊያለቅሱ ደረሱ። ኪሮስ ያንንም አስተካከለ፤ የተቋረጠ ጨዋታ ተቀምጦ ይቆይ ጀመር። መሪጌታ ያረፉት አንዱን ለሚቀጥለው ገበያ አስቀምጠው እንደሄዱ ነው። «እኔ ልጨርሰው?» ስለው፣ «የሳቸው ተራ ነው፣ አይነካም» አለኝ።

ይሄ ሁሉ ያለው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። ፍላሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው ሁሉ፣ ይጎድለዋል ይጎድለዋል ሲል የነበረው ሁሉ፣ ገልብጦ ያስቀመጠ አንድ ሰው የለም!

ኪሮስ ታሞ ለሕክምና ሲሄድ ማሽኑን ለጓደኛችን ለደሳለኝ አደራ ሰጠ። ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ልሄድ ስል አንዷ ምን አለችኝ? «ደሳለኝ እኮ ኮምፒውተሩን ፎርማት ላድርገው፣ ተንቀራፍፏል ሲል ነበር።» ፎርማት ማለት እኮ ሁሉንም መደምሰስ ነው! ለቅሶውን ትቼ ወደ ደሳለኝ ሮጥኩ። ስልኩ ዝግ። ቤቱ ዝግ። በመስኮት አጮለቅኩ፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

ፈርቻለሁ። ነገ «ኪሮስ እኮ ወረራ የሚያውቅ ማሽን ሠርቶ ነበር» ስል፣ «ይቺ ደግሞ አፏን ማን ይችለዋል» ብላችሁ ልትስቁ ነው። የማሳየው ነገር ከሌለኝ ምን ልመልስ?

ኪሮስ ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ያሳጠርኩልህ ሱሪ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ማንም አያነሳውም። ጡሩምባውን መልሰህ ንፋብኝ፣ ከተማው በሙሉ ይስማ፣ አልቆጣም። አንተ የሰው ጨዋታ ጠብቀህ ኖረሃል። ያንተን የሚጠብቅ ግን መኖሩን እንጃ።

ደሳለኝ! በውስጥ መስመር እንዳትጽፍልኝ። እዚሁ፣ ከዚህ ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየ መልስ። አጥፍተኸዋል ወይስ አላጠፋኸውም?