የታጠቡት በጎች

በቄራው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሥራዋ ጫፉ ላይ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት በጎቹንና ሥጋውን እየጠረጉ ናሙና ለምርመራ መውሰድ ነውና «ጥጢቱ» ይሏታል። ቆዳ ገፋፊዎቹ ገና ከበር ሲያዩዋት፣

«መጣች! በጎቹን ልትኩላቸው ነው» ይላሉ።

«እናንተንም እኩላችኋለሁ፣ ተራችሁን ጠብቁ» ትላቸዋለች።

በዚያ ሳምንት ግን ለቀልድ ፊት አልነበራትም። ሥጋው ላይ ሳልሞኔላ ተደጋግሞ ተገኝቷል፤ ሰው ከበላው ሆዱን ይዞ የሚያስተኛ ባክቴሪያ ነው። ኃላፊው ቁርጡን ተናገረ፦ በጎቹ ከበረት ንጹሕ ሆነው ካልወጡ በረተኛው ይባረራል። በረተኛው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት።

ወንድምየው እልህ ያዘው። በየማለዳው የውሃ ጎማ ይዞ በጎቹን ከጀርባ እስከ ሆድ ያጥባቸው ጀመር። በጎቹ እንደ ሙሽራ ጸድተው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ ወደ ቢላዋው ይነዳሉ። ባክቴሪያው ግን ጭራሽ ባሰበት።

«ከዚህ በላይ ምን ላድርጋቸው? ጥርሳቸውን ልፋቅላቸው?» አላት።

እሷ ዓይኗ ገፋፊው እጅ ላይ ነበር። ከበጉ ጸጉር የሚወርደው ውሃ በክንዱ ተንቆርቁሮ ሥጋው ላይ ያርፋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ግማሾቹን ሳታጥብ ልቀቅልኝ።»

«በእንጀራዬ ልትጫወቺ ነው?»

«ለእንጀራህ ብዬ ነው።»

እያጉረመረመ ተወላት። ከሁለቱም ወገን ሥጋ ናሙና ጠርጋ ወሰደች፤ ባክቴሪያው በቅሎ እንዲታይ ሳህኖች ላይ ቀብታ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አሳደረችው።

በማግስቱ የማሞቂያውን ሳጥን ከፈተች። የታጠቡት በጎች ሳህኖች በባክቴሪያው ጥቁር ነጠብጣብ ተወርረዋል። ያልታጠቡት ላይ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ካለው በቀር የለም። ጋዋኗን ሳታወልቅ፣ ሳህኖቹን እንዳቀፈች ግቢውን በሩጫ አቋረጠች።

«ውሃው ነው፣ ጋሼ! ባክቴሪያው ያለበት የበግ በጠጥ ጸጉሩ ላይ ከደረቀ እዚያው ይቀራል። ሲርስ ግን ሟሙቶ ከእጅ ወደ ሥጋ ይወርዳል።»

«እና ሥጋውን ሳበላሽ የከረምኩት እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ትንሽ እንኳ አትዋሺልኝም?»

በዚህ መሃል ዝናብ ሲመታው ያደረ መኪና ሙሉ በግ ገባ። በጎቹ ጨርቅ ይመስል የሚጨመቁ ነበሩ። ገፋፊዎቹ ቢላዋቸውን ስለው ቆመዋል፤ ኃላፊውን ደንበኛ በስልክ ያጣድፈዋል። ወንድሟ የበረቱን በር ዘጋና ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ።

«ሳይደርቁ አንድም በግ አያልፍም።»

«ትናንት እኮ ካልታጠቡ ትል ነበር!» አለ ኃላፊው።

«ትናንት አላወቅሁም።»

ጥጢቱ ሳህኖቹን ዘረጋችለት። ኃላፊው አገላብጦ አያቸውና ስልኩን ዘጋ።

«ይድረቁ። ሥጋው ቆሽሾ ቢገኝ ግን ሁለታችሁም ዕቃችሁን ሰብስቡ።»

«ጥጢቱ፣ ፎጣ አምጪላቸው እንጂ» አለ አንዱ ገፋፊ። እሷ ከወንድሟ ጋር ጣሪያው ሥር ደረቅ ገለባ እየበተነች ነበር። በጎቹ የታረዱት ከሰዓት በኋላ ጸጉራቸው ሲደርቅ ነው።

በማግስቱ ሳህኖቹን ስታወጣ ወንድሟን አጠገቧ አቆመችው። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ምንም የለበትም እኮ» አለ፣ ቅር ያለው ይመስል።

«ምንም የለበትም!» አለችና እጁን እየጎተተች ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጠች።