ነጭ ነጠላና የሻርክ ዘይት

ቫርኒሽ የሚባለውን ነገር አልወድም። አለመውደድ ብቻም አይደለም፣ ቆርቆሮው ተከፍቶ ሳየው አፌ ይመረኛል። እንዲህ ያደረገኝ በገዛ እጄ የሠራሁት አግዳሚ ወንበር ነው።

ወንበሩ በዚህ በሰው አገር የወደብ ከተማ ላለችው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ነበር። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩት እህቶቻችን ፈቃድ የሚያገኙት የዚህ አገር የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አጥሩ ጥላ ሥር ትንሽ ያወሩና ወደየአሠሪዎቻቸው ይመለሳሉ። ሳምንቱን ሙሉ ቆመው የከረሙ ሰዎች ያችን አንድ ሰዓት እንኳ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ማየት አልሆነልኝም። ከባቡሩ ወርክሾፕ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መላጊያዬ ሥራ ፈትቶ ነበርና፣ ከወደብ የተጣለ ጣውላ ለቅሜ ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ሠራሁ።

ችግሩ ቅቡ ላይ መጣ። በዚህ አገር ፀሐዩም ከባሕር የሚነፍሰው ጨውም እንጨት ይበላሉ። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ባለሱቅ «ለውጭ የተሠራ ነው፣ ዓመታት አይነካውም» ብሎ ቫርኒሽ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። አብረቀረቀ። ሰው እየዳሰሰ መረቀኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ ቅቡ እንደተቃጠለ ቆዳ አበጠ፣ ከዚያ ተላጠ። በተላጠው በኩል እርጥበት ገብቶ እንጨቱን አጠቆረው። ያልተላጠው ደግሞ ቀን ቀን እየለሰለሰ ይጣበቃል። ልፍቀው ብዬ ቁጭ ስል ያየሁትን ልናገር፤ የዝንብ ክንፍ፣ የሰው ፀጉር፣ የነጠላ ክር፣ አንድ ሙሉ ጉንዳን፣ ሁሉም በዚያ ቢጫ ነገር ውስጥ ተቀብረዋል። ጥፍሬ ሥር የገባው ሁለት ቀን አልለቅ አለኝ። በዚያ እጅ መብላት ቀፎኝ ባለቤቴ እያጎረሰች አበላችኝ።

ያን ጊዜ ነው ሳምቡክ የሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች ወደሚጠገኑበት ባሕር ዳር የሄድኩት። እዚያ አንድ ሽማግሌ የመናዊ ጀልባ ሠሪ አለ፣ በተሰባበረ ዓረብኛዬ እንግባባለን።

«ጀልባውን ምን ትቀባዋለህ?» አልኩት።

«የሻርክ ጉበት ዘይት። ጉበቱን በርሜል ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተወዋለህ፣ ይበሰብሳል፣ ዘይቱ ይወጣል። ይህ ጀልባ በዕድሜ ከልጆችህ ይበልጣል።»

ክዳኑን ሲከፍትልኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። የሞተ አሳ ሸተተኝ ብል ያንሳል። የሞተ አሳ የበላች ድመት ራሷ ሞታ የሰነበተች ያህል ነበር።

«ይለመዳል» አለ ሰውየው፣ ጣቱን ነክሮ ክንዱን እያሸ።

አንድ ጀሪካን ዘይት ይዤ ቤት ስደርስ ባለቤቴ በሩ ላይ አቆመችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማንን ገድለህ ነው የመጣኸው?»

«ለወንበሩ ነው።»

«ወንበሩም ሞቷል እንዴ?»

አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ቀባሁት። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሰኞ ቀብቼ ሐሙስ በመዳፌ ነካሁት፣ የደረቀ መሰለኝ። እንደ ቋጥኝ የሻከረ መዳፍ ምን ያውቃል።

ዓርብ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ነጭ ለብሰው መጡ። ሽታው እስከ በሩ ድረስ ይጣራል። ግን ሽማግሌ ደክሞ የሠራላቸውን ወንበር ሸተተን ማለት ነውር ሆኖባቸው፣ እያዩኝ ፈገግ ብለው ተቀመጡ። እኔም ተለመደላቸው ብዬ ቆሜ አየሁ።

ሲነሱ የሁሉም ነጠላ ከወገብ በታች ቡናማ መስመር ተሰምሮበታል። ልክ እንደ ጣውላዎቹ፣ ክፍተቱ ሳይቀር።

«በዓርብ ጾም አሳ ላይ አስቀመጡን እኮ» አለች አንዷ፣ ሳቁ። አንዲቱ ግን አልሳቀችም። ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር በኩል የውጭ ሰዎች ቤት የምትሠራ፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ናት። ነጠላዋን እናቷ በእጃቸው ፈትለው ነው የላኩላት። ጨርቁን ይዛ አየችው፣ አሸተተችው፣ ፊቷ ተኮማተረ። ወዲያው ደግሞ አስተካከለችው፣ ለእኔ ብላ።

«ምንም አይደል አባባ፣ ይታጠባል።»

አልታጠበም። በሚቀጥለው ዓርብ እድፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ለብሳ መጣች። ሌሎቹ ወደ ድንጋዩ ተመለሱ። እሷ ግን በዚያ ነጠላ ሁለተኛ የትም አልቀመጥም ያለች ይመስል፣ አጥሩን ተደግፋ ቆመች።

«ልጄ፣ ምነው?»

«ደህና ነኝ አባባ። መቆም ለምጃለሁ።»

ከዘይቱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ። ለዕረፍቷ ብዬ በሠራሁት ወንበር ዕረፍቷን ቀማኋት።

ወደ ጀልባ ሠሪው ስሄድ ነገሩን ሰምቶ ከልቡ ሳቀ።

«መቀመጫውን ቀባኸው? ነጭ ለሚለብስ ሰው? እኛ እንኳ ጀልባው ላይ የምንለብሰው ይህን ነው» ብሎ የጠቆረ ሽርጡን አሳየኝ። «ሰው የሚቀመጥበትን ራቁቱን ተወው። በየሳምንቱ በአሸዋና በባሕር ውኃ እሸው። ይሸብታል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም።»

ከላይ ያለውን ሁሉ በመላጊያ አነሳሁት። እንጨቱ በተላገ ቁጥር ሽታው እንደ አዲስ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ቆሜ አስመለሰኝ። ጥራጊውን ከግቢው ርቄ አቃጠልኩት፣ ድመቶች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከበቡኝ። እግሮቹን ብቻ ከሱቅ የገዛሁትን የዘይት ቀለም ቀባሁ። መቀመጫውን ሐሙስ ሐሙስ በአሸዋ እየፈተግሁ፣ በጀሪካን ባመጣሁት የባሕር ውኃ ማጠብ ጀመርኩ።

አምስት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ ዓርብ፣ ሴትዮዋ አጥሩን ተደግፋ ሳለች፣ የራሴን ነጠላ አወለቅሁና ከጫፍ እስከ ጫፍ ወንበሩን ወለወልኩበት። ነጭ እንደሆነ ሰጠኋት። ገልብጣ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እንጨቱን ራሱን አሸተተች።

«ትንሽ አሳ አሳ ይላል አባባ።»

«ይላል» አልኳት።

የእናቷን ነጠላ ከወገቧ ፈታች፣ አጣጥፋ ለእኔ አስያዘችኝና ተቀመጠች። እስክትነሳ ድረስ ያዝኩላት። ያ ነጠላም እስካሁን ይሸታል።